እርማት፦ ሲነስቴዥያ ቅዠት አይደለም

ወንድሜ፣ «ፊደል ቀለም አለው የሚሉ ሰዎች የሚያቃዣቸው ሕመምተኞች ናቸው» ያልከው ልክ አይደለም። ሲነስቴዥያ አንዱ የስሜት ሕዋስ ሲነካ ሌላው ስሜት አብሮ የሚቀሰቀስበት የአእምሮ አሠራር እንጂ በሽታ አይደለም። እኔም አለብኝ። «መ» ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ሸክላ ጡብ ቀይ ናት፤ ጋዜጣ ላይ በጥቁር መታተሟን ግን እንደ አንተው አያለሁ። ቅዠት ቢሆንማ ጥቁሩ በጠፋብኝ ነበር!

ፈጠራ ነው ለሚልም መፈተኛ አለው፦ ተመራማሪዎች የየፊደሉን ቀለም ይጠይቁና ከወራት በኋላ ሳያስጠነቅቁ ይደግሙታል፤ መልሱ እምብዛም አይለወጥም። አዲስ ወሬም አይደለም፤ ጀርመናዊው ሐኪም ጌኦርግ ዛክስ በ1812 እ.ኤ.አ. ስለ ራሱ በመመረቂያ ጽሑፉ አስፍሮታል።

ደግሞ ቀለሙ ለሁላችንም አንድ አይደለም። እህቴ «መ» ቢጫ ናት ብላ እስከ ዛሬ ትሟገተኛለች።