ለክቡር ባለስድስት ቀዳዳ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከወጥ ቤት ሥራ እንዲነሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ለወጉ ያህል የምጠይቅ እንዳይመስልዎ። ምድጃው በተለኮሰ ቁጥር ገላዎ እንደ ትኩሳት በሽተኛ ይግላል። የሦስተኛው ቀዳዳዎ ዙሪያ ነጭነቱን ትቶ ቡናማ ሆኗል፤ ከዚያው ቀዳዳ ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ ይወጣል። በዚህ ቤት ደግሞ ዓሣ አልተጠበሰም። የሚጠበሰው የእርስዎ ፕላስቲክ ነው።

አፍዎ ስድስት፣ ጉሮሮዎ አንድ መሆኑን ማን ይንገርልን? ሆድዎ ሥር፣ መነጽር ያደረገ ሰው እንኳ በማያነበው ጽሑፍ «10 አምፔር» ተብሎ ተቀርጿል። 220 ቮልት በሚገባበት ቤት ይህ 2,200 ዋት ማለት ነው። ውሃ ማፍያው ብቻውን 2,000 ዋት ይወስዳል። በተረፈችው 200 ዋት አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ቢያስተናግዱ ማንም ባልተቀየመዎት። እርስዎ ግን ደግነትዎ ወሰን የለውምና 1,500 ዋት የሚጠጣ ምድጃና 1,200 ዋት የሚጠጣ ማይክሮዌቭ ጨምረው ይቀበላሉ። ድምሩ 4,700 ዋት፣ ከ21 አምፔር በላይ ነው። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን በገመዱ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት እጥፍ ብቻ ቢሆን በታገስንዎ ነበር፤ የሚሆነው ግን አራት እጥፍ ነው።

«ብሬከር አለልኝ» ይሉ ይሆናል። ብሬከሩ፣ ጭነት ሲበዛ ወርዶ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው፣ የተቀጠረው ግድግዳው ውስጥ ያለውን መስመር ሊጠብቅ እንጂ እርስዎን ሊያስታምም አይደለም። ትዕግሥቱም ብዙ ነው፦ የ16 አምፔር ብሬከር 23 አምፔር ያህል እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ቢያሳልፍ ከተሠራበት ደንብ አልወጣም። 21 አምፔር ተሸክመው በፊቱ ሲያልፉ ዝም ቢልዎ አይፈረድበትም።

ፍርዱ የሚጣመመው እሱ ጨርሶ ሲወርድ ነው። የቤቱ ሰዎች ተሰብስበው ጥፋተኛው ብሬከሩ እንደሆነ ይወስናሉ፤ በ32 አምፔር ይተካል፤ ከኋላው ያለው ግን ያው የ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ነው። ከዚያ በኋላ ሽቦው እንደልቡ ይግላል፣ ከልካይም የለውም። እርስዎም በዚያ ስብሰባ መካከል ስለራስዎ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ስለ ቤተሰብዎም ቅሬታ አለን። ታናሽ ወንድምዎን፣ ሌላኛውን ማከፋፈያ፣ አዝለው መቆምዎ ይብቃ፤ ጭነቱ ሁሉ የሚያርፈው በእርስዎ ገመድ ላይ ነው። ባለሁለት እግሩ አጎትዎ፣ አዳፕተሩ፣ ደግሞ የስፒናውን ሦስተኛ መስመር፣ የመሬቱን፣ ቆርጦ ያስቀራል። ምድጃው በብረት ገላው ላይ ኤሌክትሪክ ቢያፈስ መመለሻ መንገድ የሚሆነው ድስቱን ሊያነሳ እጁን የዘረጋው ሰው ነው። በዚህኛው አንቀልድም።

የላላው ቀዳዳዎ ነገርም አለ። ስፒናው ሲገባ ጠበቅ አያደርገውም፣ ሲነኩት ይወዛወዛል፣ አልፎ አልፎም ጢስ ጢስ ይላል። 0.1 ኦም የምታህል የላላ ንክኪ 15 አምፔር ሲያልፍባት ከ22 ዋት በላይ ሙቀት ታወጣለች፤ ያውም ጥፍር በማታክል ብረት ላይ። ቡናማው ቀለም የመጣው ከዚያ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለታችንም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ምድጃው ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይሳብለታል፤ የሽቦውን ውፍረት ባለሙያው ጭነቱንና ርቀቱን አይቶ ይወስናል። ውሃ ማፍያውና ማይክሮዌቩ ግድግዳው ላይ ባሉት ሶኬቶች በአንድ መስመር ይቆያሉ፤ ግን በተራ። ውሃ እስኪፈላ የሚጠበቀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ይህን ያህል የሚቸኩል ሰው ቢኖር ከእርስዎ ጋር ይስማማ ነበር።

ሥራ እፈታለሁ ብለው አይስጉ። ሳሎን ውስጥ ጥቂት የስልክ ቻርጀሮች፣ የጠረጴዛ መብራትና ሬዲዮ ይጠብቁዎታል። ሁሉም ተደምረው ውሃ ማፍያው የሚወስደውን ሩብ አይሞሉም። ሦስተኛው ቀዳዳዎ ግን ስለተቃጠለ ዝውውሩ እርስዎን ሳይሆን ተተኪዎን ይመለከታል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለውሃ ማፍያውና ለማይክሮዌቩ (ተራ እንዲጠብቁ)
ለታናሽ ወንድምዎ (ከጀርባ እንዲወርድ)
ለ16 አምፔር ብሬከር (ወደ ቦታው እንዲመለስ)