ቡና ላይ ይወራል ብለው ነው?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ውይይት ሰምቼ ደሜ ፈላ። ወሬው ስለ ዓረብ አገር ተመላሾች ነበር። እንግዳው ሰውዬ፣ ትራምፕ በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ማግስት የውጭ እርዳታ ካቆሙ ወዲህ ለተመላሾችና ለስደተኞች የሚሰጠው የሥነ ልቦና ድጋፍ መመናመኑ ምንም አልቆረቆራቸውም። የምክር አገልግሎት የፈረንጅ ቅንጦት ነው አሉ። እኛ ቡና አለን፣ ጎረቤት አለን፣ ጸበል አለን። እናቶቻችን ቀይ ሽብርን ያለፉት በየትኛው ሳይኮሎጂስት ነው ብለውም ጠየቁ። አቅራቢዋ ሳቅ ብላ አለፈችው።

ከመጨረሻዋ ጥያቄያቸው ልጀምር፣ ከሁሉም የባሰችው እሷ ናትና። ማን ነው አለፉት ያለዎት? ልጇ ተገድሎ መንገድ ዳር የተጣለባት፣ እንዳታለቅስ የተከለከለች፣ አንዳንዷማ ሬሳውን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈይ የተባለች እናት ናት ያለፈችው? ዝም አለች እንጂ አላለፈችም። በር በተንኳኳ ቁጥር ስትደነግጥ የኖረች አክስት የሌለችው የአዲስ አበባ ቤት ካለ ይጠቁሙኝ። ያንን ዝምታ ነው አሁን እንደ መድኃኒት የሚያዙልን።

ወደ ቡናው ልምጣ። እስቲ አንዲት ከሪያድ የተመለሰች የወሎ ልጅ እናስብ። ለጉዞዋ አባቷ በሬ ሸጠዋል፣ የጎደለውን ተበድረዋል። ደላላው ሩቅ ሰው አይደለም፣ የሰፈር ልጅ ነው፣ ምናልባትም ዘመድ። ባዶ እጇን መጣች። ቡናው ተፈላ። ከበው የተቀመጡት እነማን ናቸው? ብድሩን የሰጡት ጎረቤት፣ የደላላው እናት፣ ልጇን በሚቀጥለው ወር ልትልክ ፓስፖርት ያወጣች ሴትዮ። የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ምን ሆንሽ አይደለም፣ ምን ይዘሽ መጣሽ ነው። እዚህ መሃል ቁጭ ብላ የማዳም ባል በሌሊት በሯን ይከፍት እንደነበር ታውራ? ወይስ በየመን በኩል የወጣች ከሆነ፣ አብራት ስትሄድ የነበረችው ጓደኛዋ አጠገቧ በሞርታር ተመታ እንደቀረች? (የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ያን ማድረጋቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 አውጥቶታል፣ እኛ ሁለት ሳምንት ጮኸን ረሳነው።) ብታወራ ማታውኑ ሰፈሩ ያዳርሰዋል። ማን ያገባታል? ዝም ብትልና ሌሊት እየጮኸች ብትነሳ ደግሞ አብዳ መጣች ትባላለች።

ይህች ልጅ የሚያስፈልጋት ከእሷ ምንም የማይፈልግ ሰው ነው። ያላበደራት፣ ያልላካት፣ የማይድራት። ሰምቶ አፉን የሚዘጋ። ይህን ደግሞ ፈረንጅ አላስተማረንም። የነፍስ አባት ያለን ሕዝብ እኮ ነን! አያቶቻችን ቡና ላይ የሚወራውንና ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገረውን ለይተው ያውቁ ነበር። የሠለጠነ አማካሪ የሚሠራው ሥራ ለዚያ ይቀርባል፤ ልዩነቱ እሱ ስለ ቅዠት፣ ስለ ድንጋጤ፣ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ተምሯል፣ ሲከፋም ወደ ሐኪም ይልካታል።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ማንም አይከለክልም። አቡነ ጳውሎስ እንኳን የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ይውሰዱ ብለው ነበር። ለመሆኑ ከወሎ፣ ከጅማና ከአርሲ ከሚሄዱት ልጆች ብዙዎቹ ሙስሊም መሆናቸውን ሰውዬው ረስተውት ነው?

አንድ ነገር ልመንላቸው። በሥነ ልቦና ድጋፍ ስም አዳማ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ተሰብስቦ፣ አበል ተቀብሎ የሚበተን ስልጠና ሞልቷል። እሱ ቢቀር አላለቅስም። ግን ሌባው የዘረፈውን ምክንያት አድርጎ ቤቱን ማፍረስ ምን የሚሉት ነው?

ሥራ ይሰጣቸው፣ ወሬ ምን ያደርጋል የሚለውም ሰልችቶኛል። የልብስ ስፌት መኪና ስጧት፣ ደስ ይለኛል። ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች ልጅ፣ ወንድ ደንበኛ በር ሲገባ የምትንቀጠቀጥ ልጅ፣ በስንት ቀኗ መኪናውን እንደምትሸጠው ግን እናንተው ገምቱ።

ብሩ ከየት ይምጣ ለሚሉኝ ደግሞ፦ ስትሄድ እኮ አላጣንም። በሕጋዊ መንገድ ስትሄድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አስገብተን የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የፍሪጅ አያያዝ አስተምረናል፣ የብቃት ምዘና አስፈትነናል፣ አሻራ ወስደናል። የምትልከውን ዶላር በየዓመቱ በኩራት እንቆጥራለን። ስትመለስ ግን ቦሌ ላይ አጨብጭበን፣ የአውቶቡስ ሰጥተን፣ ካልሆነም 400 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አማኑኤል ሆስፒታል ወረፋ ትጠብቅ እንላለን። እነዚያው ኮሌጆች ውስጥ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍልና አንድ ደመወዝተኛ አማካሪ ይቀመጥ። የሚልካት መንግሥት ነው፤ ይክፈል።