ቢጫ ቀለም የነካው ኮት

ናሽቪል ውስጥ ታክሲ የሚነዱትና የሰፈሩ አበሻ ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው ጎረቤቴ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. የበጋ ማብቂያ ድረስ ሰላማቸው የተጠበቀ ሰው ነበሩ። ሰላማቸውን የጠበቀላቸው ደግሞ ልጃቸው የምትማርበት የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ያለመታከት መሸነፍ ነበር። ቡድኑ በ2023 ከተጫወታቸው 12 ጨዋታዎች 10ሩን ተሸንፏል፤ በገዛ ኮንፈረንሱ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ በሚጋጠሙበት ማኅበር ውስጥ ያደረጋቸውን ስምንቱንም አንድ ሳያስቀር ማለት ነው። ጋሼ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ሲገቡ ባለቤታቸው እትዬ «ዛሬስ እንዴት ሆኑ?» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ኮታቸውን እየሰቀሉ «እንደለመዱት» ይላሉ፤ ከዚያ እራት ይቀርባል። የሚያስቆጭ ነገር ስለሌለ ወጡ ይጥማል፣ እንቅልፉም ሳይጠሩት ይመጣል።

ጨዋታው እኛ ካደግንበት እግር ኳስ ጋር ከስሙ በቀር እምብዛም የሚጋራው የለም። እንቁላል መሳይ ኳስ በብብቱ ሸጉጦ የሚሮጠው ቡድን አራት ጊዜ ሞክሮ 10 ያርድ ወደፊት ካልገፋ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። ጋሼ ዲቪ የደረሳቸው በአራተኛው ሙከራ ስለነበረ ይህ ሕግ ሲነገራቸው ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ዩኒቨርሲቲው የታቀፈበት የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ 16 አባላት ያሉት ሲሆን ቫንደርቢልት ከመካከላቸው ብቸኛው የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ነገሩን ወደ እድር ብናመጣው፣ መዋጮውን በሰዓቱ የሚከፍል፣ ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍ፣ ነገር ግን ድንኳን ለመትከል ጉልበት ሲፈለግ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት አባል ነበር።

የሰላሙ ማብቂያ የሆነው ዲዬጎ ፓቪያ የሚባል ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች ነው። ይህ ልጅ ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ተነሥቶ፣ በኒው ሜክሲኮ ስቴት በኩል አልፎ ናሽቪል የደረሰ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያልፈለጉት መሆኑን የረሳ አይመስልም ነበር። ኦገስት 31 ቀን ቡድኑ ቨርጂኒያ ቴክን በተጨማሪ ሰዓት 34 ለ27 ረታ። በሳምንቱ አልኮርን ስቴትን 55 ለ0 አደረገው። ጋሼ ያን ሰሞን ተሳፋሪ ሳይጠይቃቸው ውጤት መናገር ጀመሩ።

ከዚያ የእኛ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ገና የበዓሉ ዳቦ ከመሶብ ሳያልቅ፣ ቡድኑ አትላንታ ድረስ ሄዶ ለጆርጂያ ስቴት 36 ለ32 ተሸነፈ። መሸነፉስ የለመደው ነው፤ ነገር ግን ጨዋታው ሊያልቅ 15 ሴኮንድ ሲቀረው እየመራ ነበር። ጋሼ ያን ሌሊት ተገላብጠው አደሩ። በሳምንቱ ደግሞ በኮንፈረንሱ ውስጥ ካሉት ጠንካሮች አንዱ የሆነውን ሚዙሪን በሜዳው እስከ ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ድረስ አስጨንቆ፣ ጨዋታውን ሊያራዝም የሚችል የ31 ያርድ ምት ወደ ጎን ወጥቶበት 30 ለ27 ተረታ። እትዬ እንደ ልማዳቸው «እንዴት ሆኑ?» ብለው ቢጠይቁ «ምን አስጠየቀሽ?» የሚል መልስ አገኙ፤ ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ተብለው አያውቁም ነበር።

እኔ እንደታዘብኩት የዚህ ዓይነቱ የውድድር ዘመን ጠባይ የወባ ጠባይ ነው። ወባ ሰውን የሚያዳክመው ስለሚያተኩስ ብቻ ሳይሆን በመሀሉ ስለሚለቅ ነው፤ በሽተኛው ዳንኩ ብሎ ጋቢውን ጥሎ ደጅ በወጣ ማግስት ተመልሶ ያንቀጠቅጠዋል። የጋሼ የቀድሞ ቡድን ዘወትር የሚያመው፣ ስለዚህም ቤተሰቡ የለመደው በሽተኛ ነበር። አዲሱ ግን በየሳምንቱ ይድናል።

ኦክቶበር 5 ቀን እንግዳ ሆኖ የመጣው አላባማ ነበር። አላባማ በዚያ ሳምንት በአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ላይ የተቀመጠ፣ በፊተኛው ቅዳሜ ጆርጂያን 41 ለ34 አሸንፎ የመጣ፣ በቫንደርቢልት ከተሸነፈም ከ1984 ወዲህ 40 ዓመት የሆነው ቡድን ነው። ቫንደርቢልት እስከዚያ ቀን ድረስ በታሪኩ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ደረጃዎች ውስጥ ካሉ ቡድኖች ጋር 60 ጊዜ ተጫውቶ 60 ጊዜ ተሸንፏል፤ ስለዚህ ጋሼ ያን ቀን ሬዲዮ እንኳ ሳይከፍቱ ሥራቸውን ጀመሩ። ውጤቱ 40 ለ35 ሆነ። የ40ው ባለቤት ቫንደርቢልት ነው። አሸናፊው ይህን ያደረገው በተአምር ሳይሆን ባለጋራውን ኳስ በመንፈግ ነበር፤ ከ60ው ደቂቃ 42ቱን ኳሱን ይዞ የቆየው እሱ ነው። የሌላውን ቤት ሀብታም ልጅ ኳስ ሳያስነኩ የማዋል ጥበብ ሰፈር ሜዳ ላይ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ስላየሁ የምናገረው በእርግጠኝነት ነው። ጋሼ ከሥራ ቦታዬ ተቀብለውኝ ብሮድዌይ ላይ ስንደርስ መንገዱ በሰው ተዘግቶ ነበር። ከየሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ የሚበራው ቀይና ሰማያዊ መብራት ሥር በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከስታዲየሙ የነቀሉትን ቢጫ የግብ ቋሚ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ካምበርላንድ ወንዝ ይወርዱ ነበር። ከስታዲየሙ እስከ ወንዙ ወደ 3 ማይል ይሆናል። ደመራ ካበራን ገና ዘጠኝ ቀናችን ስለነበረ፣ ረጅም እንጨት ከፍ አድርጎ እየጨፈረ የሚሄድ ሕዝብ ማየቱ ለእኛ ብርቅ አልነበረም፤ ብርቅ የሆነብን ይህኛው የሚሄደው ሊነድ ሳይሆን ሊሰምጥ መሆኑ ነው።

የቋሚው አንደኛው ክንድ በእኛ በኩል ሲያልፍ ወደ ታክሲዋ ተጠጋ። ጋሼ ስፖኪዮው ሊሰበርባቸው መሆኑን አይተው ከመኪናው ዘለው ወረዱና፣ ሙቀትም ይሁን ብርድ ከላያቸው የማይወርደውን ግራጫ ኮት እንደለበሱ በክንዳቸው ብረቱን ወደዚያ ገፉት። ጠቅላላው ነገር ከአምስት ሴኮንድ አይበልጥም። እኔ ገቢና ተቀምጬ ነበር። ሲመለሱ የኮታቸው ቀኝ እጅጌ ላይ የጣት ርዝመት ያላት ቢጫ ቀለም ተለጥፋለች፤ ልጆቹንም ከትልቅ ሰው የማይጠበቅ ስድብ ሰድበዋቸዋል፤ በአማርኛ ስለነበረ ግን ልጆቹ አጨብጭበውላቸው ሄዱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ጋሼ ብረቱን «ደገፍ አድርጌላቸው ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው። ኦክቶበር 12 ቡድኑ ኬንታኪን በሜዳው 20 ለ13 ካሸነፈ በኋላ ነገሩ «ከልጆቹ ጋር አብረን ተሸከምነው» ሆነ። በሳምንቱ ቦል ስቴት 24 ለ14 ሲሸነፍ ደግሞ መንገዱን ያሳዩት ጋሼ ሆነው ተገኙ፤ እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ተማሪዎቹ ወንዙን እንደሚስቱት አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ፊት አስረዱ። እትዬ ኮቱን ላውንደሪ ለመስጠት ሁለት ጊዜ ከመስቀያው አውርደውት፣ ሁለቱንም ጊዜ ጋሼ ከእጃቸው ተቀብለው መልሰው ሰቀሉት።

የደስታው ሒሳብ ግን በሌላ በኩል መጣ። በኮንፈረንሱ ደንብ መሠረት ደጋፊዎቹ ሜዳ የገቡበት ዩኒቨርሲቲ 100,000 ዶላር ተቀጣ፤ ገንዘቡም የሚከፈለው ለተሸነፈው ለአላባማ ነው። እኛ አገር ካሳ የሚከፍለው ጥፋተኛ ሲሆን እዚህ አሸናፊ ነው ብዬ ብገረም፣ ጋሼ በአክሲዮን ባለቤት ድምፅ «ይከፈላቸው! አርባ ዓመት ሙሉ ያለ ክፍያ ሲደበድቡን የኖሩ ናቸው፤ አንድ ቀን ብንከፍላቸው ምን አለበት?» አሉኝ። ልጃቸው በየሴሚስተሩ የምታመጣውን የትምህርት ክፍያ ወረቀት እንዲህ ባለ ቸርነት ተቀብለውት እንደማያውቁ አውቃለሁ፤ አላነሣሁባቸውም።

ከቦል ስቴቱ ጨዋታ በኋላ ቡድኑ ከአገሪቱ 25 ምርጦች መጨረሻዋን ቦታ ያዘ። ወዲያው በሚቀጥለው ቅዳሜ በገዛ ሜዳው በቴክሳስ 27 ለ24 ተሸነፈና ወጣ። ኖቬምበር 2 ኦበርንን በሜዳው 17 ለ7 አሸነፈ፤ ይህ ስድስተኛው ድሉ ስለሆነ ወቅቱ ሲያልቅ ቦውል ወደሚባለው የክብር ጨዋታ የመሄድ መብት አገኘ፤ ደረጃም ተሰጠውና 24ኛ ሆነ። በሳምንቱ ሳውዝ ካሮላይና መጥቶ 28 ለ7 ቀጣው። ስም ሲጠራለት የሚደነግጥ ልጅ አለ፤ መምህሩ እስኪያየው ድረስ ጎበዝ ነው፣ «ና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሥራው» ሲሉት ጠመኔው ከእጁ ይወድቃል። ደረጃ የሚሰጡት ሰዎች ዝም ብለውት ቢሆን ኖሮ ይህ ቡድን የት ይደርስ እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከሳውዝ ካሮላይናው ሽንፈት በኋላ የግቡ ቋሚ ታሪክም አብሮ ወረደ። «አብረን ተሸከምነው» መጀመሪያ «ደገፍ አደረግኩት» ወደሚለው ተመለሰ፤ ሉዊዚያና ላይ በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) 24 ለ17 ሲሸነፉ ደግሞ «እነዚያ ዱርዬዎች ስፖኪዮዬን ሊሰብሩብኝ ነበር» ሆነ። ልብ ብሎ ላየው፣ ታሪኩ ወደ እውነቱ የቀረበው ቡድኑ በተሸነፈ መጠን ነው።

ኖቬምበር 30 የመጨረሻው ጨዋታ ከጎረቤታቸው ከቴኔሲ ጋር ነበር። ቫንደርቢልት የመክፈቻውን ምት ተቀብሎ ከዳር እስከ ዳር ሮጦ አስቆጠረ፤ ወዲያው ባላጋራው ኳስ ጣለና 14 ለ0 ሆነ። ጋሼ በዚያች ቅጽበት ደውለው «ቲቪ ክፈት!» አሉኝ። ከፍቼ ስመለከት ቴኔሲ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ 36 ለ23 አለቀ። ስድስት ድል፣ ስድስት ሽንፈት። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ማንም ሳይጠይቃቸው ኮቱን ራሳቸው ላውንደሪ ሰጡት፤ ደረሰኙን ቦርሳቸው ውስጥ አጥፈው ከተቱትና ረሱት።

በመካከሉ አንድ እሑድ ቡና ላይ ዘር ቆጠራ ገጥመው ሰማኋቸው። ጆርጂያ ስቴት ቫንደርቢልትን አሸነፈ፣ ቫንደርቢልት አላባማን አሸነፈ፣ አላባማ ጆርጂያን አሸነፈ፣ ጆርጂያ ደግሞ ዲሴምበር 7 ቀን ቴክሳስን 22 ለ19 ረትቶ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወሰደ። በዚህ ስሌት ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው ከ12 ጨዋታ 3ቱን ብቻ ያሸነፈው ጆርጂያ ስቴት መሆኑን ባስታውሳቸው፣ ጋሼ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ከሱ ቀጥሎስ ማን ነው?» አሉኝ። ሰባት ቤት ቆጥሮ ከንጉሥ የሚዛመድ ሰው በመሀል ያለውን ባለዕዳ አጎት አያነሣም።

ዲሴምበር 27 ቫንደርቢልት በርሚንግሃም ቦውል ላይ ጆርጂያ ቴክን 35 ለ27 አሸነፈና ዘመኑን በሰባት ድልና በስድስት ሽንፈት ዘጋ። ከ2013 ወዲህ ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ደረሰኙን ከቦርሳቸው ፈልፍለው አውጥተው ላውንደሪው ገና ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ኮቱ ከታጠበ አራት ሳምንት ሊሆነው ነው።

ማታ ሲጠሩኝ ጋሼ ፕላስቲኩን ቀድደው እጅጌውን አምፖሉ ሥር ዘርግተውት ደረስኩ። ላውንደሪው ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በአውራ ጣታቸው ጨርቁን ደጋግመው ዳሰሱት፤ «እዚህ ጋ ነበር፣ እስቲ አንተ ንካው» አሉኝ። ነካሁት፤ ጨርቅ ነው። እትዬ ከጓዳ ወጡና ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን።

«እስቲ አንተ አብረህ ነበርክ፤ እውነት ተሸክመውታል?» አሉኝ።

ጋሼ ቀና አላሉም፤ ጣታቸው ግን እጅጌው ላይ ቆመች።

«አሥር ያርድ ይሆናል» አልኳቸው።