የስፖርት ትምህርት ከቤት ይጀመር?

«የተገለበጠ ክፍል» የሚባለው ዘዴ ማብራሪያውን ወደ ቤት፣ ልምምዱን ወደ ክፍል ያመጣል። ተማሪው ገለጻውን ማታ በቪዲዮ ያያል፤ በማግሥቱ በቀጥታ ወደ ሥራ ይገባል። በሰፊው ያስተዋወቁት ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ የኮሎራዶ የኬሚስትሪ መምህራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን መቅረጽ ጀመሩ። ለአንደኛ ደረጃ ሰውነት ማጎልመሻስ ይሆናል? ሁለት የጅማ ነዋሪዎች አልተስማሙም። አንዱ የስፖርት መምህር ነው፤ ሌላዋ የሁለት ልጆች እናት።

መምህሩ፦ እኔ ይሆናል ባይ ነኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ልጆቹን አውጥቼ አሰልፌ እስኪረጋጉ አሥሩ ያልቃል። ከዚያ የዱላ ቅብብል ሕግ ማስረዳት እጀምራለሁ። ፊት ያሉት ይሰማሉ፤ ኋላ ያሉት ይገፋፋሉ። ደግሜ አስረዳለሁ። ገና ላብ ላብ ሲላቸው ደወሉ ይደወላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ ይላል። እኔ ጋ ግን ብዙውን ጊዜ ቆመው ነው የሚሰሙት።

ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ አለ። ክረምቱ ሳይገባ ሜዳው ጭቃ ይሆናል። አንድ ደረቅ ቀን አግኝቼ እሱን በወሬ ስጨርሰው ያንገበግበኛል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጬ በወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ብለቅ፣ በማግሥቱ በቀጥታ ሩጫ ነው።

እናት፦ መምህር፣ ጭንቀትዎ ገብቶኛል። ግን ማታ ቤቴ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ስልኩ አንድ ነው፣ የእኔ። አባታቸው ባጃጅ ይነዳል፤ የእሱ ስልክ አብሮት ውጭ ነው የሚያመሸው። ትልቋ የሒሳብ የቤት ሥራ አላት። ቪዲዮው ወርዶ እስኪያልቅ ትንሹ እንቅልፍ ይወስደዋል።

አንድ ቀን ይኸው ልጅ ስልክ ላይ ወደ ፊት መንከባለል አየ። ወዲያው ሲሚንቶው ላይ ሞከረው። አገጩን ወደ ደረቱ አላስጠጋም፤ አናቱን መሬት ላይ ተክሎ ተገለበጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ስጠራው አንገቱን ማዞር አቅቶት በሙሉ ሰውነቱ ነበር የሚዞረው። ቪዲዮው እኮ ትክክል ነበር። የጠፋው አጠገቡ ቆሞ የሚደግፈው ሰው ነው።

መምህሩ፦ እትዬ፣ እግዚአብሔር አተረፈው። እንዲህ ያለውን ወደ ቤት አልልክም፤ ያለ ፍራሽና ያለ እኔ አይሞከርም። እኔ የምልከው የጨዋታ ሕግ ብቻ ነው፦ ዱላው በየትኛው እጅ ይሰጣል፣ መስመሩ የት ነው። ስልክ ለሌለው በወረቀት ሥዬ እሰጣለሁ።

ደግሞ ዓይን አፋሮቹን ያስቡልኝ። ሁሉም እያያቸው መሳሳት ይፈራሉ። ቤቷ ሦስቴ አይታ የመጣች ልጅ ዱላውን ስትቀበል እጇ አይንቀጠቀጥም።

እናት፦ ላላየችውስ? ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታናሿን የምታዝል ልጅ አለች። ወረቀቱን መቼ ታየዋለች? ሒሳብ የሚከብዳት ልጅ እንኳ ሜዳ ላይ አንደኛ ልትወጣ ትችላለች። አሁን እዚያም «ሳልዘጋጅ መጣሁ» ልትል ነው። በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይቼዋለሁ። በቴሌግራም የሚላከውን ጥያቄ የጎረቤት ልጆች እኛ በር ላይ ተቀምጠው ከስልኬ ይገለብጡ ነበር። ያፍሩ ነበር፣ መምህር።

እኔም ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋ ነበር። መብራት ባለበት ቀን ደግሞ ያልገባንን ሳንጠይቅ ያልፈን ነበር።

የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታን ማን በቪዲዮ አስተማራቸው? ዳር ቆመው አይተው ገቡበት። እርስዎም ስድስት ልጆችን ቀደም ብለው ያሠልጥኗቸው። ከዚያ እያንዳንዳቸው ለቡድናቸው ያሳዩ። ስልክ አያስፈልግም።

መምህሩ፦ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ስድስቱን መቼ ላሠልጥን? እረፍት አጭር ነው፤ እነሱም መብላት አለባቸው። ቪዲዮውንም አልተውም፤ ማየት የሚችል ለምን ይከልከል? አንድ ሳምንት በወረቀትና በቪዲዮ፣ አንድ ሳምንት በእርስዎ መንገድ ልሞክር። ሰዓት ይዤ ስንት ደቂቃ እንደሮጡ እቆጥራለሁ። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፦ መሪዎቹ ሁልጊዜ ያው ፈጣኖቹ ይሆናሉ።

እናት፦ በየሳምንቱ ይቀያይሯቸው። ደቂቃውን ሲቆጥሩም ዳር የቆሙትን አብረው ይቁጠሩልኝ። የመጀመሪያዋ መሪ ደግሞ ያቺ ታናሿን የምታዝለው ትሁን።