ያልሞከሩትን ዕቃ «ምንም ችግር የለበትም» አይበሉን

ያገለገለ የድምፅ መሣሪያ የሚሸጥባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች ለጥቂት ቀናት ተከታተሉ። ቃሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ»፣ «ኮንዲሽኑ አሪፍ»፣ «ኦሪጅናል»፣ «ምንም ችግር የለበትም»፣ «ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ በአስቸኳይ»። ከሥሩ ስልክ ቁጥርና ሁለት ፎቶ ይከተላል። አንደኛው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የተወሰደ የፋብሪካ ፎቶ ነው። ሞንታርቦው ስንት ዓመት ሠርግ ላይ ጮኸ? ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ዉፈሩ ተቀይሯል? በስንት ቮልት ይሠራል? ይሄ አይጻፍም።

ጉዳቱ ደግሞ እኛ ጎጃም ያለነው ላይ ይበረታል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሻጩ ዘንድ ሄዶ፣ ሰክቶ፣ ሰምቶ ይገዛል። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ወይም ሞጣ ያለ ሰው ግን ገንዘቡን በቴሌብር ይልክና ይጠብቃል። ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ መናኸሪያ ላይ ከረዳቱ እጅ ይገባል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ እንደ ልብ ክፍት በማይሆንበት በዚህ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ መልሶ መላክ ሌላ ወጪና ሌላ ጭንቀት ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል። ገንዘቡ ከገባለት በኋላ ስልክ የማያነሳው፣ ብሎክ የሚያደርገውም ለዚህ ነው።

ገዢዎቹን ተመልከቱ። ለሠርግ የሚያከራዩት ሳውንድ ለመግዛት ገንዘብ ያዋጡ ወጣቶች አሉ። ሰንበት ትምህርት ቤቶች አሉ። ማይክ የጠፋበት የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አለ። ማሲንቆውን በድምፅ ማጉያ ማሰማት የሚፈልግ አዝማሪ አለ። እነዚህ ሰዎች አዲስ ዕቃ ጠልተው አይደለም ያገለገለ የሚፈልጉት። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋም አብሮ ወጣ። አዲሱ ሲርቅ ያገለገለው ብቻ ቀረላቸው።

ደብረ ማርቆስ አንድ ጥገና ቤት ውስጥ ተከፍቶ ያየሁትን ሞንታርቦ ልንገራችሁ። ገዢዎቹ ከፍኖተ ሰላም በኩል የመጡ ልጆች ናቸው። የጥር ሠርግ ሳያልፍባቸው ሊያከራዩት ነበር። ጠጋኙ የፊቱን ወንፊት ሲያነሳ የዉፈሩ ጠርዝ ዙሪያውን በኮላ ተለጥፏል፤ ልጣፉ እንዳይታይ ደግሞ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ኮኑን፣ ማለትም ድምፅ ሲወጣ የሚርገበገበውን የዉፈሩን ፊት፣ በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲገፋው ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ወጣ። ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉ፣ ተቃጥሎ ከማግኔቱ ጋር እየታከከ ነው። የላይኛው፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል በኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር ሲለካ ምንም አላነበበም። ውስጡ ተበጥሷል። ማስታወቂያው ግን «ምንም ችግር የለበትም» ነበር የሚለው። ሻጩ ቪዲዮም ልኮላቸው ነበር። ሞንታርቦው በዝቅተኛ ድምፅ ይዘፍናል፣ መብራቱ በርቷል። በስልክ ማይክ ተቀድቶ በስልክ ስፒከር የሚሰማ ሙዚቃ ቀጭኑ ድምፅ መኖር አለመኖሩን በቅጡ አይለይም። ልጆቹ የሠርጉን ቀብድ መመለስ ነበረባቸው።

ያ ሻጭ አውቆ ይዋሽ፣ ሳያውቅ ይሳሳት፣ እኔ መፍረድ አልችልም። ብዙ ሻጮች ዕቃውን ከሌላ ሰው ተቀብለው የሚያዞሩ ደላላዎች ናቸው። መብራት ከበራ ለእነሱ ይሠራል። የእኔም ክርክር እዚህ ላይ ነው። ያልሞከሩትን ነገር ደህና ነው ብሎ መጻፍ፣ ብልሽቱን አውቆ ከመደበቅ ለገዢው ምንም ልዩነት የለውም። ኪሱ ላይ የሚያደርሰው ያው ነው። ሻጭ «ድምፁን ከፍ አድርጌ አልሞከርኩትም» ብሎ ቢጽፍ ገዢው ዋጋውን ቀንሶ፣ አደጋውን ተቀብሎ ይገዛል። ይህ ፍትሐዊ ግብይት ነው።

ዋቱን በተመለከተ ደግሞ ማታለሉ ከፋብሪካው ይጀምራል። ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት» የሚል በትልቁ ታትሞ ታያላችሁ። ከጎኑ በትንሹ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ ይላል። ይህ ቁጥር ለማስታወቂያ የተፈጠረ ነው፤ ስፒከሩ ያለማቋረጥ ሊያወጣ የሚችለውን ጉልበት አይነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ አር.ኤም.ኤስ የሚባለው ነው። ወደ ኋላ ዞራችሁ የኤሌክትሪኩን ገመድ መግቢያ እዩ። አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት ትላለች እንበል። ከግድግዳው 60 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ያለማቋረጥ ከ60 ዋት በላይ ሊሰጥ አይችልም። ከየት ያመጣዋል? ሻጮች ግን የካርቶኑን ቁጥር ይገለብጣሉ፤ አዳራሽ ይሞላል ብሎ የገዛ ሰው ሳሎን የሚበቃ ድምፅ ይደርሰዋል። የኋላውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ከአሜሪካ የመጣ» የሚለውም ያሳስበኛል። እዚህ አገር ይህ ቃል ዋጋ ያስጨምራል። የአሜሪካ መብራት ግን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 እና 50። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ለ120 ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር እዚህ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ጉልበቱን የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ እሱም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የድሮ ሸክላ ማጫወቻ የሚፈልጉ ባሕር ዳር ያሉ ወጣቶች ደግሞ ሌላም ነገር ይወቁ። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስድ ከሆነ ትራንስፎርመር ቢኖርም በትክክል አይዞርም። በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ ወደ 28 ይወርዳል፤ ዘፋኙ ይጎተታል፣ ድምፁ ይወፍራል። ዕቃው ምንም አልተበላሸም፤ የተሠራው ለሌላ አገር መብራት ነው። ሻጩ ይህን ካልነገረን ያ «ኦሪጅናል» ምን ይጠቅመናል?

ስለ ፎርጂድ ማይክ ባጭሩ ልበል። ሹር ኤስ.ኤም 58 ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ በዓለም ላይ ብዙ አስመሳይ የወጣለት ማይክ ነው። ዋናው 298 ግራም ይመዝናል። ሻጩ ማይኩን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ፎቶ እንዲልክ ጠይቁት። ክብደቱ ቢገጥም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ በጣም ካነሰ ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

«ያገለገለ የሚገዛ ሰው ዓይኑን ይክፈት» የሚሉ አሉ። «ዕቃ ከወጣ አይመለስም» ብለውም ይለጥፋሉ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287፣ የተሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ሻጩ ዋስ ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ከነጋዴ የገዛ ሸማች ጉድለት ካገኘ፣ የግዢ ማስረጃውን ይዞ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ከደጀን ማዶ ላለ ሻጭ ክስ መመሥረት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም መብት የለኝም ብሎ ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው። ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንሱ። ቴሌግራም ላይ ሻጩ መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ዕቃው እንደደረሰ ሳታሳድሩ ሞክሩት፤ ጉድለት ካለ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት ብዙ አይደለም። ወንፊቱ ተነስቶ፣ ኮኑ በእጅ ሲገፋ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ሰጪ በሜትር ሲለካ የሚያሳይ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ይላክ። ባለ 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ዉፈር ደህና ከሆነ ሜትሩ 6 አካባቢ ያነባል። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነም በቪዲዮው ይሰማል። ባትሪ ላለው ስፒከር ደግሞ ሞልቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይነገራችሁ። ይህን ለመላክ የሚያንገራግር ሻጭ ጋር ቀብድም አትላኩ።

ከሁሉ በላይ ግን የምለምነው የቻናል አድሚኖችን ነው። በሺዎች የሚቆጠር ተከታይ ይዛችሁ፣ ለአንድ ፖስት እያስከፈላችሁ፣ «እኛ የምንለጥፈው የተላከልንን ነው» ማለት አያዋጣም። የኋላው ጽሑፍ ፎቶ የሌለው፣ ምን እንደተሞከረና ምን እንዳልተሞከረ ያልተጻፈበት ዕቃ አትለጥፉ። ገዢ አታልሎ የተገኘ ሻጭ ስልክ ቁጥሩ ተመዝግቦ ሁለተኛ አይለጠፍለት። ፈቃድም በጀትም አያስፈልገውም፤ ከሚቀጥለው ፖስት መጀመር ትችላላችሁ።