«ትንሽ ጉንፋን ናት» ብላችሁ ጥርስ ሀኪም ወንበር ላይ አትቀመጡ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስለ ጥርስ ነው፣ ግን ስለ ከረሜላና ስለ ብሩሽ አይደለም። እሱን ከልጅነታችን ጀምሮ ተነግሮናል፤ አልሰማንም እንጂ። የዛሬው ጥርስ ሀኪም ቤት ይዘነው ስለምንገባውና ይዘነው ስለምንወጣው በሽታ ነው።

የኮሮናን ጊዜ አስታውሱ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ሲባል ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል ተሻማን። ከዚያ ከሀኪም ቤት ራቅን። ጥርስ ሀኪም ቤትማ ስሙ ሲነሳም ያስፈራ ነበር። ፍርሃቱ ምክንያት አልነበረውም አልልም። ሌላው ሀኪም ማስካችሁን ሳታወልቁ ሊያያችሁ ይችላል። ጥርስ ሀኪም ግን አፋችሁን አስከፍቶ፣ ፊቱን ፊታችሁ ላይ ደፍቶ ነው የሚሠራው። ጥርስ የሚሰረስርበት ፈጣኑ ድሪል በደቂቃ 300,000 ዙር ሊደርስ ይችላል። ጥርሱን እንዳያግለው ውሃ ይረጫል፤ ያ ውሃ አፍ ውስጥ ካለው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጉም ይበተናል።

ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ክረምት ቫይረሱ በኅብረተሰቡ ውስጥ በተሰራጨባቸው አካባቢዎች ጥርስ ማሳጠብና ተራ ምርመራ ይቆዩ፣ ድንገተኛ ሕመም ያለበት ግን ይታከም ያለው። የአሜሪካ የጥርስ ሀኪሞች ማኅበር ወዲያው አጥብቆ ተቃወመ። አፍም የሰውነት ክፍል ነው፣ ሕክምናው የግድ ነው አለ።

ማን ልክ ነበር? ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። ወረርሽኙ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሜሪካ የጥርስ ሀኪሞች ላይ በተደረገ ጥናት በቫይረሱ የተያዙት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። በኋላ ደግሞ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከድሪል የሚረጨውን መረመሩ። አብዛኛው ራሱ የማሽኑ ውሃ ነው፤ የታካሚው ምራቅ ድርሻ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ሀኪሞቹ ብዙ አለመያዛቸው ግን እንዲያው በዕድል የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሀኪሞቹ ማስክና የፊት መከላከያ አድርገዋል። ምራቁን በመሳቢያ ቱቦ እየሳቡ ሠርተዋል። ቀጠሮ አራርቀዋል። ታካሚውን ገና በስልክ «ትኩሳት አለህ ወይ? ያስልሃል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል።

ቁጣዬ እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ የምትሠራው መላሹ እውነት ሲናገር ብቻ ነው። እኛ ደግሞ እንዋሻለን።

በዚያው በኮሮና ጊዜ አንድ ክሊኒክ ተራ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። የክሊኒኩን ስም ተዉት። አንድ ጎልማሳ ገባ፣ ማስኩ አገጩ ላይ ወርዷል። ካርድ የምታወጣው ልጅ የጥያቄ ወረቀት ሰጠችው። ሳያነበው ከላይ እስከ ታች «የለም» ላይ ራይት አደረገና መለሰላት። ከዚያ ተቀምጦ ሳለ። ደግሞ ሳለ። ልጅቷ ቀና ብላ ስታየው «አይ፣ ትንሽ ጉንፋን ናት፣ የብርድ ናት እኮ» አላት። ሰባት ስምንት ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ንፋስ ይመታናል ተብሎ መሆኑ ነው። (ንፋስን የምንፈራውን ያህል የታፈነ ክፍል ብንፈራ የት በደረስን!) ወዲያ ጥግ አንዲት እናት ጥርስ አስነቅለው፣ ደም የነካውን ጥጥ በሶፍት ጠቅልለው ወንበር ስር ጣል አደረጉት። ማንም ምንም አላለም። እኔም ጭምር።

እስቲ ፍረዱ። ውስጥ ያለው ሀኪም ጓንት ለብሷል፣ ማስክ አድርጓል። ውጭ ያለነው ግን በአንድ ትንፋሽ ነው የተቀመጥነው። ስንቱ ሰው ድሪሉን ሲፈራ የተያዘው ተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ ይሆን?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እዚህ ግን የደበቀው ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ቀጥሎ የሚገቡት አዛውንት ስኳር አለባቸው። ከጎናችሁ ያለችው ነፍሰ ጡር ናት። ደግሞ ብትናገሩ ማንም አያባርራችሁም። ቀጠሮ ይለውጡላችኋል፣ ወይም የቀኑ መጨረሻ ላይ ለብቻችሁ ያስገቧችኋል። በቃ ይኸው ነው።

ሌላው ጥፋታችን ከዚህ የባሰ ነው። ወረርሽኝ ገባ ሲባል ጥርስ ሀኪሙን ፈርተን የት እንደሄድን እናውቀዋለን። ቅርንፉድ ነከስን። አረቄ አፋችን ውስጥ ያዝን። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ሁለት ፍሬ ዋጥን። ሕመሙ ጋብ ሲል ዳንን አልን። ጥርስ ስር የቋጠረ መግል እኮ በክኒን ብቻ አይጠፋም። ወይ መግሉ መውጣት አለበት፣ ወይ ሥሩ መታከም አለበት፣ ወይ ጥርሱ መነቀል አለበት። እንዲሁ ከተተወ አገጭ ስር ወርዶ አንገት ያሳብጣል፣ የአየር መተላለፊያ ይዘጋል፣ ሰው ይገድላል። በጥርስ ሰው ይሞታል ወይ የምትሉኝ፣ አዎ ይሞታል።

ኮሮናን ሸሽቶ መንደር ውስጥ ጉጠት ይዞ ጥርስ ለሚነቅል ሰው አፉን የከፈተም አለ። ልጁን ግግ ለማስነቀል የወሰደም እንዲሁ። እንግዲህ አስቡት፣ የማይታየውን ቫይረስ ሸሽታችሁ ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ በውሃ ብቻ ለተለቀለቀ ብረት ድዳችሁን ሰጣችሁ። ጉበት የሚያሳምመው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ኤችአይቪም አለ። ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ከተማ፣ አንድ የጥርስ ሀኪም ንጽሕና ባለመጠበቁ ወደ 7,000 ታካሚዎቹ ተመርመሩ ተብለዋል። ሄፓታይተስ ሲ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው መተላለፉም በምርመራ ተረጋግጧል።

ስለዚህ ጠይቁ። እኛ ሀኪም መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ግማሽ ሰዓት የምንከራከር ሰዎች፣ አፋችን ውስጥ ስለሚገባ ብረት ስንጠየቅ «እሳቸው ያውቃሉ» እንላለን። ዕቃው ከታሸገ ከረጢት ነው የሚወጣው? ሲከፈት እያያችሁ ነው? አውቶክሌቭ፣ ማለትም ዕቃውን በጋለ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን አላቸው? 121 ዲግሪ በእንፋሎት ግፊት ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ወይም 134 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ፣ እንደ ማሽኑና እንደ ዕቃው ዓይነት። አልኮል ነክሮ መጥረግ የዚህ ምትክ አይሆንም። ድሪሉ ራሱስ ከእናንተ በፊት ከነበረው ሰው በኋላ ተነቅሎ አውቶክሌቭ ውስጥ ገብቷል? ጓንቱንስ ስልክ ካነሳበት በኋላ ቀይሯል? ጥሩ ሀኪም በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ያሳያችኋል። ከተቆጣ ተነሱና ሂዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን የአስቸኳይ ጊዜ ማብቂያ ያወጀው ሚያዝያ 2015 ነው። ማስኩን ጣልን፣ የእጅ መታጠቢያው ባልዲ የአበባ መትከያ ሆነ። ሳሉ ግን አልተወንም፣ ሌላ ወረርሽኝም አይመጣም ያለን የለም። ቀጠሮ ካላችሁና ካመማችሁ ዛሬውኑ ደውሉ፤ ጥርስ ማሳጠብ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ምንም አይላችሁም። ጉንጫችሁ አብጦ ትኩሳት ካላችሁ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃታችሁ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። በር ላይ ያለችው ነርስ ስትጠይቃችሁ «ያስለኛል» በሏት፤ ማስክ ሰጥታ ለብቻ ታስቀምጣችኋለች።