ከሬዲት የወጡት ለምን ተበተኑ?

ሬዲት፣ ሰዎች በየርዕሱ ግሩፕ ከፍተው የሚወያዩበት ድረ ገጽ፣ በአፕሪል 2023 (ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሌሎች ሰዎች የሠሯቸው አፖች መረጃ የሚቀዱበትን በር፣ ኤፒአይ የሚባለውን፣ በክፍያ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ዋጋው ሲገለጽ አፕ መረጃ ለመቅዳት ለሚልከው 50 ሚሊዮን ጥያቄ 12 ሺህ ዶላር ሆነ። አፖሎ የተባለው የአይፎን አፕ በወር ወደ 7 ቢሊዮን ጥያቄ ይልክ ስለነበር የዓመት ሂሳቡ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መጣ፤ ሠሪው ጁን 30 ቀን ዘጋው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከጁን 12 ጀምሮ፣ ከ8 ሺህ በላይ የሬዲት ግሩፖች በራቸውን ቆልፈው ተቃውመው ነበር። ኩባንያው ግን የማይከፍቱ አድሚኖች በሌላ ሰው እንደሚተኩ አስጠነቀቀ፣ አብዛኞቹም ከፈቱ።

ብዙ ሰው ወደ ሌሚ የተሰደደው ያኔ ነው። ሌሚ ሬዲትን የሚመስል ግን ጌታ የሌለው ቤት ነው፦ ማንም በራሱ ሰርቨር (ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ በሚቆይ ኮምፒውተር) ላይ የሚጭነው ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን ሰርቨሮቹ አክቲቪቲፐብ በተባለ የጋራ ደንብ ይነጋገራሉ። አንዱ ሰርቨር ላይ አካውንት ያለው ሰው ሌላው ላይ የተከፈተን ግሩፕ ይከታተላል፣ ኮሜንት ይጽፋል። የተጠቃሚው ቁጥር በዚያው ክረምት አሻቀበ፣ ከዚያም ወረደ። ለመውረዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «አጠቃቀሙ ይከብዳል» የሚል ነው። አይመስለኝም። አካውንት መክፈቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰዎቹ ግን አንድ በአንድ ወጡ እንጂ ግሩፑ እንደ ግሩፕ አልወጣም፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚህ ነው።

በሌሚ አንድ ግሩፕ የሚኖረው በተከፈተበት ሰርቨር ላይ ነው፤ ሙሉ ስሙ የራሱንም የሰርቨሩንም ስም ይይዛል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መጠሪያ ያለው የፎቶግራፍ ግሩፕ አምስት ሰርቨር ላይ ለየብቻው ሊከፈት ይችላል፤ ማንም የሚከለክል የለም። ሬዲት ላይ አንድ ቦታ ይጨቃጨቅ የነበረው ሕዝብ አምስት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። በዚህ ላይ ሰርቨርህ ሌላ ቦታ ስላለ ግሩፕ የሚያውቀው ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ፈልጎ መከታተል ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው አብዛኛው ነገር አይመጣም። ትንሽ ሰርቨር ላይ የገባ አዲስ ሰው ግሩፑን ይፈልጋል፣ ምንም ወይም ጥቂት ፖስት ያገኛል፣ «እዚህ ሰው የለም» ብሎ ይሄዳል። ሰው ግን አለ፤ ያለው ማዶ ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የሌሚ ሴቲንግ ውስጥ የሚያነቧቸውን ቋንቋዎች መምረጫ አለ። አማርኛን ብቻ የመረጠ ሰው ገጹ ባዶ ይሆንበታል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሲጽፍ ቋንቋ ስለማይመርጥ ፖስቱ «ያልተወሰነ» ተብሎ ይመዘገባል። ያልተወሰነ የሚለውንም አብሮ መምረጥ ግድ ነው።

የሰርቨር አድሚን ከሌላ ሰርቨር ጋር ያለውን ግንኙነት የመቁረጥ ሥልጣን አለው። ቢሆው የተባለው ሰርቨር በጁን 2023 ስደተኛው በብዛት ከገባበት ከሌሚ ዎርልድ ተለያየ። ቢሆው አመልካቾችን በማመልከቻ ነበር የሚቀበለው፤ ሌሚ ዎርልድ በሩ ክፍት ነበር፤ ከዚያ የሚመጣውን ረባሽ በጥቂት ሰው እጅ መቆጣጠር አልተቻለም። ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። ይሁንና ቢሆው ላይ ያሉ ግሩፖችን ይከታተሉ የነበሩ የሌሚ ዎርልድ ሰዎች በአንድ ቀን ውጭ ቀሩ።

ከሁሉ የሚከፋው የስም ጉዳይ ነው። ሌሚ የተጫነበት ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ ስም፣ ከሌሎች ጋር መነጋገር ከጀመረ በኋላ አይቀየርም፤ ዶሜይኑ ከጠፋ አካውንቱም ግሩፑም አብሮ ይጠፋል። በጁላይ 2023 ማሊ በነጻ ይታደሉ የነበሩትን በአገሪቱ ቅጥያ በነጥብ ኤምኤል የሚያልቁ ስሞች መልሳ ስትወስድ በዚያ የተመዘገበ አንድ የሌሚ ሰርቨር አድራሻውን አጣ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የአፍጋኒስታንን ነጥብ ኤኤፍ ይጠቀም የነበረ የማስቶዶን (ትዊተርን የሚመስል፣ እንደ ሌሚ በብዙ ሰርቨር የሚሠራ መረብ) ሰርቨር በታሊባን አስተዳደር ስሙን ተነጠቀ። የሌሚ አቻ የነበረው ክቢንም ሠሪው አንድ ሰው ነበርና፣ እሱ ሲደክም ዋናው ድረ ገጹ በ2024 ተዘጋ።

በደንብ የወጡም አሉ። የዓይነ ስውራን የሬዲት ግሩፕ አባላት ገጹን በድምፅ አንባቢ የሚጠቀሙት በእነዚያው አፖች ስለነበር ነገሩ ለእነሱ የምርጫ ጉዳይ አልነበረም። ሬዲት ቆይቶ ለጥቂት የተደራሽነት አፖች ክፍያውን ቢያነሳም፣ አድሚኖቹ በራሳቸው ዶሜይን ላይ የራሳቸውን የሌሚ ሰርቨር ከፈቱ፤ ስሙም የግሩፑ ስም ነበር። አባሉ የት እንደሚሄድ መጠየቅ አላስፈለገውም።

እኔ ለግሩፕ አድሚኖች የምመክረውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ዶሜይን ይገዛ፤ የትንሽ አገር ነጻ ቅጥያ ሳይሆን በየዓመቱ የሚታደስ የታወቀ ስም፣ ቢያንስ ሁለት ሰው የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው። ከዚያ ከመውጣቱ በፊት የፈቃደኛ አባላት ኢሜይል ይሰብሰብ። አንድ ቀን ይቆረጥ፣ አንድ አድራሻ ይነገር፣ በአሮጌው ቤት ላይ ማስታወቂያው ፒን ተደርጎ አዲስ ፖስት ይዘጋ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ሰውን የሚያቆየው በለመደው ቤት ነው። አዲሱ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይከፈት፤ ከቀኑ በፊት ሃያ ሠላሳ ጥሩ ፖስት ተጽፎ ይጠብቅ።

የራስ ሰርቨር ለማቆም 2 ጊጋ ራም ያለው የኪራይ ማሽን ለትንሽ ግሩፕ ይበቃል፤ በወር ከ5 እስከ 10 ዶላር ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሌላ ነገር ነው። አከራዮች በብዛት 25ኛውን የኢሜይል ፖርት (መልእክቱ የሚወጣበትን በር) ስለሚዘጉ የማረጋገጫ ኢሜይል ሳይደርስ ይቀራል፣ ሰውም «አልመዘገብ አለኝ» ይላል፤ መፍትሔው የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት በ587ኛው ፖርት ማገናኘት ነው። ምዝገባው ከመጀመሪያው ቀን በማመልከቻ ይሁን። በ2023 ክረምት በራቸውን ክፍት የተዉ ሰርቨሮች በሐሰተኛ አካውንት ተጥለቅልቀው ነበር፤ ያን ሰሞን የወጣው የሌሚ 0.18.0 ስሪት ካፕቻውን (ተመዝጋቢው ሰው እንጂ ሮቦት አለመሆኑን የሚፈትነውን) አስወግዶት ስለነበር በ0.18.1 መመለስ ግድ ሆኗል። ዲስኩ የሚሞላው በጽሑፍ ሳይሆን በምስል ነው፤ ዳታቤዙም የምስል ፎልደሩም በየሳምንቱ ሌላ ማሽን ላይ ይቀዱ፣ ቅጂው እንደሚሠራም አንድ ጊዜ በእውነት ተመልሶ ይሞከር። ክፍያውን ከአገር ቤት በብር ካርድ መፈጸም ስለሚያስቸግር ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ውጭ ያለ አንድ ወዳጅ ነው። እሱ ሥራ ሲበዛበት ቤቱ እንዳይዘጋ ሁለተኛ ከፋይ ይኑር።

የአማርኛ ግሩፖች በብዛት ያሉት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። የፌስቡክ ግሩፕ አባላቱን ይዞ የሚወጣበት በር የለውም። ቴሌግራም በኮምፒውተር አፑ የውይይቱን ታሪክ ያስወጣል፤ ሰዎቹን ግን አያስወጣም፣ የቻናል ባለቤትም ማየት የሚችለው የመጨረሻዎቹን 200 ተከታዮች ብቻ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወራት ያለ ቪፒኤን አልከፈት ሲሉ አባላቱን በሌላ መንገድ መጥራት የቻለው ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር የያዘ አድሚን ብቻ ነው። የተበታተኑ ሰርቨሮች እንዲህ ያለውን እገዳ ያከብዱታል፤ መስመሩ በሙሉ ሲቋረጥ ግን ማስቶዶንም ሌሚም ያው ናቸው።

ብቻውን ለሚወጣ ሰው ማስቶዶን ይሻላል። አዲሱ አካውንት ላይ አሮጌውን አስመዝግቦ፣ ከአሮጌው «አዛውር» ሲል ተከታዮቹ አብረውት ይሄዳሉ፤ ፖስቶቹ ግን ይቀራሉ፣ ዳግመኛ ለመዛወርም 30 ቀን መጠበቅ አለበት። ለግእዝ ፊደልም ያደላል፦ ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) አንዱን ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጥረው ለማይከፍል ሰው 280 የተባለው ለእኛ 140 ነው፤ ማስቶዶን ላይ 500ው ሙሉ 500 ነው። ሌሚ ከ0.19 ስሪት ጀምሮ የሚከታተሏቸውን ግሩፖች ዝርዝርና የአካውንቱን ሴቲንግ በፋይል አውርዶ ሌላ ሰርቨር ላይ መጫን ይፈቅዳል፤ የጻፏቸውን ፖስቶች ግን አያዛውርም።

ሁለቱም ላይ የግል መልእክት የሚባለው አልተመሰጠረም፤ የሰርቨሩ አድሚን ሊያነበው ይችላል። ፖስት ሲሰረዝም ለሌሎቹ ሰርቨሮች የሚላከው «ሰርዙት» የሚል ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ይታዘዛሉ ማለት አይደለም። ስለ አገር ጉዳይ በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ይህን ከመመዝገቡ በፊት ይወቀው።